ኳሱ ከመድረሱ በፊት፦ ከፍተኛ ደረጃ መድረስ ለሚፈልጉ የመረብ ኳስ ተጫዋቾች ዝርዝር መመሪያ

መረብ ኳስ ኳስ ይዞ ማሰብ የማይፈቀድበት ጨዋታ ነው። የእግር ኳስ ተጫዋች ኳሱን ረግጦ ቀና ብሎ ያያል፤ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች እያነጠረ ይመርጣል። የእኛ ኳስ ግን ክንድ ወይም ጣት ነክቶ የሚሄደው ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ባለ ጊዜ ውስጥ ነው። ሁለት ሰዓት በፈጀ ግጥሚያ አንድ ተጫዋች ከኳሱ ጋር የሚገናኝበት ጊዜ ሁሉ ተጠራቅሞ ቢለካ ጥቂት ሰከንዶች ቢሆን ነው። የቀረው በሙሉ ያለ ኳስ የሚያልፍ ነው።

ከሠላሳ ዓመት በላይ በአሰልጣኝነት ስቆይ ከሁሉ አብልጦ ያሳመነኝ ይህ እውነት ነው። ጎበዝ ተጫዋችና ከፍተኛ ደረጃ የሚደርስ ተጫዋች ኳሱን ሲነኩ ብዙ አይለያዩም። የሚለያዩት ከመንካታቸው በፊት ነው፦ እግራቸው የት እንደቆመ፣ ዓይናቸው ማንን ሲከተል እንደነበረ፣ ትናንት ምን ያህል እንደተኙ፣ ያለፈውን ስህተት አራግፈውት ይሁን ተሸክመውት። የሚከተሉት ደረጃዎች የተጻፉት መሠረታዊውን ቴክኒክ ለሚያውቁ፣ በክለብ ወይም በትምህርት ቤት ለሚጫወቱና «ከዚህ በላይ እንዴት ልሂድ?» ብለው ለሚጠይቁ ነው። በቅደም ተከተላቸው ሂዱ። በተለይ ሁለተኛውን ሳትጨርሱ ወደ አራተኛው አትዝለሉ፤ ብዙ ወጣቶች የሚሰናከሉት እዚያ ላይ ነው።

ደረጃ 1፦ ያላችሁበትን ለኩ

«እየተሻሻልኩ ነው» የሚል ስሜት ብቻውን አያስተማምንም። አንድ ደብተር ለዚህ ብቻ መድቡ። በአንድ ሳምንት ውስጥ አራት ነገሮችን ለክታችሁ ቀኑን ጽፋችሁ መዝግቡ፤ ከዚያም በየስድስት ሳምንቱ ድገሙት።

የመጀመሪያው ዝላይ ነው። ከግድግዳ አጠገብ ቆማችሁ አንድ እጃችሁን ዘርግታችሁ የምትደርሱበትን ምልክት አድርጉ፤ ከዚያ ከቆማችሁበት በሁለት እግር ዘልላችሁ የነካችሁትን። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የቁም ዝላያችሁ ነው።

ሁለተኛው አቀባበል ነው። ጓደኛችሁ 20 ኳስ ይለጋላችሁ፤ ልጋት ማለት ከሜዳው ጀርባ ጨዋታውን የሚያስጀምረው ምት ነው። ለእያንዳንዱ ኳስ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ስጡ። ሴተሩ (ለአጥቂዎች ኳስ የሚያቀብለው ተጫዋች) ከመረቡ አጠገብ ሆኖ ለፈለገው አጥቂ ማቀበል የሚችልበት ኳስ 3 ነው። ሴተሩ ጥቂት ተንቀሳቅሶ ምርጫው ቢጠብበትም ማጥቃት የሚቻልበት 2፣ ከፍ ያለና የታወቀ ኳስ ለአንድ አጥቂ ከመስጠት ውጭ ምርጫ የማይተው 1፣ ነጥብ ያስቆጠረባችሁ 0 ነው። ድምሩን ለ20 አካፍሉት።

ሦስተኛው ልጋት ነው። የሜዳውን የኋላ ክፍል በገመድ ወይም በልብስ ለሦስት ከፍላችሁ 20 ኳስ ለጉ። ከመለጋታችሁ በፊት የምትልኩበትን ክፍል ጮክ ብላችሁ ተናገሩና በዚያ ያረፈውን ብቻ ቁጠሩ። መረቡን ያለፈ ነገር ግን ካላላችሁት ቦታ የወደቀ አይቆጠርም።

አራተኛው ጥቃት ነው፤ ይህ ከግጥሚያ ላይ ይወሰዳል። ያስቆጠራችሁትን ነጥብ ወስዳችሁ ከእሱ ላይ ያበላሻችሁትንና በብሎክ (ተጋጣሚ መረቡ ላይ ዘልሎ በእጁ በሚሠራው ግድግዳ) የተሸነፋችሁትን ቀንሱ፤ የቀረውን በሙከራው ብዛት አካፍሉ። 30 ጊዜ መትቶ 12 ያስቆጠረ አጥቂ «40 በመቶ አስቆጠርኩ» ብሎ ደስ ሊለው ይችላል። 6 ጊዜ አበላሽቶ ከሆነ ግን እውነተኛው ውጤት 6 ሲካፈል ለ30፣ ማለትም 0.20 ነው። እያንዳንዱ የተበላሸ ኳስ ለተጋጣሚ ነጥብ ነውና ይህኛው ስሌት አያባብልም። ብዙ ወጣት አጥቂዎች ይህን ቁጥር መጀመሪያ ሲያዩት ያዝናሉ። ሐዘኑ ጥሩ ነው፤ ሥራው የት እንዳለ ያሳያል።

ደረጃ 2፦ እግራችሁን አስተምሩ

እዚህ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ እንቆይ፤ ምክንያቱም የሁሉም ነገር መሠረት ነው።

አንዲት የ15 ዓመት ተጫዋች ነበረችኝ። ክንዷ ጠንካራ፣ ጣቷ ለስላሳ፣ ትጋቷ የሚያስቀና። ነገር ግን የተለጋላትን ኳስ ስትቀበል ሁልጊዜ ወደ ግራ ትወረውረዋለች። አንድ ወር ሙሉ ስለ ክንዷ አወራን፤ ክርኗን አስተካከልን፣ አውራ ጣቷን አስተካከልን። ምንም አልተለወጠም። አንድ ቀን ከሜዳው ዳር መሬት ላይ ተቀምጬ ከጉልበቷ በላይ ላለማየት ወሰንኩና ጫማዋን ብቻ ተከተልኩ። ኳሱ ክንዷ ላይ ሲያርፍ ቀኝ ጫማዋ ገና አየር ላይ ነበር። በእያንዳንዱ ኳስ አንድ እርምጃ ይጎድላታል፤ ሰውነቷ ወደ ኳሱ እየወደቀ ክንዷ ይመታል። ችግሩ ከክንዷ እንዳልሆነ የገባኝ ያኔ ነው፤ ያንን አንድ ወር ያባከንኩባት እኔ ነኝ። በሦስት ሳምንት የእግር ልምምድ ኳሱ ቀና።

እናንተም እንዲህ ሥሩ። ተጋጣሚ ለመለጋት ሲዘጋጅ እግራችሁን ከትከሻችሁ ትንሽ አስፍታችሁ ቁሙ፤ ክብደታችሁ በእግራችሁ የፊት ክፍል ላይ ይሁን፤ ተረከዛችሁ መሬቱን ዳበስ ቢያደርግ እንጂ አይጫነው። እጆቻችሁ ከፊታችሁ ተለያይተው ይቆዩ፤ ቀድሞ ክንዱን አጣምሮ የሚጠብቅ ሰው መሮጥ አይችልም። የለጊው እጅ ኳሱን በሚነካበት ቅጽበት ሁለቱም እግራችሁ በትንሹ ከፍ ብለው መልሰው መሬት ይንኩ። ይህች ትንሽ ንጥረት ጡንቻውን ትቀሰቅሰዋለች፤ ወደየትኛውም አቅጣጫ ለመነሣት ዝግጁ ታደርጋችኋለች። ሜዳው ከጫፍ እስከ ጫፍ 18 ሜትር ነው፤ በዝላይ በኃይል የተለጋ ኳስ ይህን ርቀት የሚጨርሰው አንድ ሰከንድ ሳይሞላ ነው። ኳሱን አይቶ ከዚያ መነሣት የሚል ነገር የለም።

ከዚያ ሂዱ፤ ቁሙ፤ ተቀበሉ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፤ ከሦስቱ የሚዘለለው ሁልጊዜ መካከለኛው ነው። ኳሱ ሲደርስ ሁለቱም ጫማ መሬት ላይ መሆን አለበት። ክርናችሁ ቀጥ ይበል፤ የእጅ አንጓችሁ ወደ ታች ይታጠፍ፤ ኳሱ የሚያርፈው ከአንጓው በላይ ባለው የክንድ ሥጋ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ክንዱን ማወዛወዝ አያስፈልግም። በኃይል የመጣ ኳስ የራሱን ኃይል ይዞ ይመለሳል፤ የእናንተ ሥራ የክንዳችሁን ገጽ ወደ ሴተሩ ማዘንበል ብቻ ነው። ኳሱ ከጎን ከመጣ ወደ ኳሱ ያለው ትከሻችሁ ከፍ፣ ወደ ሴተሩ ያለው ዝቅ ይበል።

ለዚህ የማሠራው ልምምድ ሦስት እርከን አለው። በመጀመሪያው ጓደኛችሁ ኳሱን ይወረውራል፤ እናንተ በክንድ ሳትነኩ ቦታውን ትይዙና ኳሱ በሁለት እግራችሁ መካከል ነጥሮ እንዲያልፍ ታደርጋላችሁ። 15 ጊዜ። በሁለተኛው ቦታውን ይዛችሁ ኳሱን በሁለት እጅ ከእምብርታችሁ ፊት ዝቅ አድርጋችሁ ትይዛላችሁ፤ ይዛችሁ ለሁለት ሰከንድ ባላችሁበት ትቆማላችሁ። እግር ከተንገዳገደ አይቆጠርም። 15 ጊዜ። በሦስተኛው ብቻ በክንድ ትቀበላላችሁ። ትዕግሥት የሌለው ተጫዋች የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን የልጅ ጨዋታ ይላቸዋል። በብሔራዊ ደረጃ ለተጫወቱ ሰዎችም ከረጅም ዕረፍት ሲመለሱ የምሰጠው ይህንኑ ነው።

«እኔ አጥቂ ነኝ፤ አቀባበል የሊቤሮ ሥራ ነው» ለሚል አንድ ታሪክ አለኝ፤ ሊቤሮ ከኋላ ሆኖ ለመቀበልና ለመከላከል ብቻ የሚሰለፍ ተጫዋች ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘው የአሜሪካ ወንዶች ቡድን፣ በአሰልጣኙ ዳግ ቢል ዘዴ፣ የተለጉ ኳሶችን መቀበል በዋናነት ለሁለት ሰዎች ብቻ ሰጥቶ ነበር። አንዱ ካርች ኪራሊ ነው። ያው ሰው ከቡድኑ ዋና አጥቂዎች አንዱ ነበር። በ1988 ወርቁን ደገመ፤ በ1996 ደግሞ በባሕር ዳርቻ መረብ ኳስ ሦስተኛውን ጨመረ። ከአጥቂነቱ በፊት የሜዳውን ግማሽ ብቻውን የሚሸፍን እግር ነበረው።

ደረጃ 3፦ ዓይናችሁን አስለምዱ

ጀማሪ ኳስ ያያል። የበሰለ ተጫዋች ሰው ያያል።

ብሎክ ላይ ስትሆኑ ዓይናችሁ አራት ማረፊያ አለው፦ ኳስ፣ ሴተር፣ ኳስ፣ አጥቂ። በመጀመሪያ የተጋጣሚ አቀባበል ጥሩ ይሁን መጥፎ ለማወቅ ኳሱን ታያላችሁ፤ ከመረቡ የራቀ ከሆነ ፈጣኑ የመሐል ጥቃት አብዛኛውን ጊዜ ይቀራል። ከዚያ ሴተሩን፦ ከኳሱ ሥር ገብቷል ወይስ እየተንጠራራ ነው? ወገቡ ወደ ኋላ ተለምጧል? ከዚያ ኳሱ ከእጁ ሲወጣ አቅጣጫውን ለመያዝ በጨረፍታ። በመጨረሻ ኳሱን ትታችሁ ወደ አጥቂው ትዞራላችሁ፤ በዚያም ትቀራላችሁ። ከባዱ ይህ ነው። ኳስ በአየር ላይ እያለ ዓይንን ከኳስ ላይ መንቀል ከተፈጥሮ ጋር መታገል ነው። ግን ኳሱ የት እንደሚመታ የሚነግራችሁ የአጥቂው የሩጫ መስመር፣ ትከሻውና ክርኑ ነው።

በኋላ መከላከል ላይም እንዲሁ። ኳሱ መረቡ ላይ ተጠግቶ ከተሰጠ አጥቂው ወደ ታች ሊቀጠቅጠው ይችላል፤ ራቅ ካለ ኳሱ ወደ ሜዳው ጥልቅ ይሄዳል። ክርኑ ሲዘገይና ትከሻው ሲላላ ኳሱን በቀላሉ ሊያስቀምጠው ነው፤ እግራችሁን ወደ ፊት አዘጋጁ።

ልምምዱ ከሜዳ ውጭ ይጀምራል። በተንቀሳቃሽ ምስል ግጥሚያ ስታዩ ሴተሩ ኳሱን ሊነካ ሲል አቁሙትና ለማን እንደሚሰጥ ተናገሩ፤ ከዚያ ልቀቁትና እዩ። 20 ጊዜ አድርጋችሁ ስንቱን እንደገመታችሁ በደብተራችሁ ጻፉ። ብዙዎች መጀመሪያ ላይ ከዕድል ብዙም አይሻሉም፤ ከሁለት ወር በኋላ ግን ራሳቸው ይገረማሉ። ሜዳ ላይ ደግሞ ገና ኳሱ ሳይሰጥ ግምታችሁን ጮክ ብላችሁ ተናገሩ። መሳሳት ይፈቀዳል፤ ዝም ማለት አይፈቀድም።

ከዚህ ጋር የተያያዘ አንድ የልምምድ ምክር አለ። ከአንድ ቦታ የሚወረወር ተመሳሳይ ኳስ 50 ጊዜ መምታት ዕለቱን ጎበዝ ያስመስላል፤ ለግጥሚያ ግን ያን ያህል አይበጅም። እንቅስቃሴው አዲስ ሲሆን መደጋገም ጥሩ ነው። ከተለመደ በኋላ ግን አንዱን ከሩቅ፣ አንዱን ከቅርብ፣ አንዱን ፈጣን፣ አንዱን የተበላሸ አድርጉት፤ በመካከሉም አቀባበልና ብሎክ አስገቡበት። በልምምድ ላይ ስህተታችሁ ይበዛል። በግጥሚያ ላይ የሚቀረው እውቀት ግን ይህኛው ነው።

ደረጃ 4፦ መዝለልን ከማረፍ ጋር ተማሩ

መረቡ ለአዋቂ ወንዶች 2.43 ሜትር፣ ለሴቶች 2.24 ሜትር ነው፤ ስለዚህ ሁሉም ሰው ዝላይ እንዲጨምርለት ይፈልጋል። መጀመሪያ ያላችሁን ዝላይ በትክክል ተጠቀሙበት። ቀኝ እጅ ለሆነ አጥቂ የሦስቱ እርምጃ ቅደም ተከተል ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ ነው። የመጀመሪያው ዝግ ያለና የኳሱን አቅጣጫ የሚያነብ ነው፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ፈጣንና ተከታታይ ናቸው። በረጅሙ የቀኝ እርምጃ ላይ ሁለቱም እጆች ወደ ኋላ ይሄዳሉ፤ ግራ እግር ከቀኙ ትንሽ ወደ ፊት ወጣ ብሎ ሲተከል እጆቹ በኃይል ወደ ላይ ይወጣሉ። ግራ እጅ ለሆነ ሁሉም ይገለበጣል። ኳሱን የምትመቱት ከምትመቱበት ትከሻ ፊት፣ በምትደርሱበት ከፍተኛ ቦታ ነው። ኳሱ ከራሳችሁ ኋላ ከቀረ ዝላዩ አይደለም ችግሩ፤ ሩጫውን ቀድማችሁ ጀምራችኋል።

አሁን ስለ ማረፍ። ሲዘሉ ዓይኔን ጨፍኜ የማዳምጥበት ጊዜ አለ። ከባድ «ጧ» የሚል ድምፅ ስሰማ ጉልበት እየተጎዳ እንደሆነ አውቃለሁ። ከዓመታት በፊት በጣም ተስፋ የጣልኩበት ረጅም ልጅ ነበረኝ፤ በየቀኑ ተጨማሪ ዝላይ አዘልለው ነበር። ከጉልበቱ ቆብ በታች እንደሚያመው ሲነግረኝ «ይለቅሃል፣ ሞቅ ስትል ይተውሃል» አልኩት። ሞቅ ሲል በእርግጥ ይተወው ነበር፤ የጅማት ጉዳት ጠባዩ እንዲህ ነው። በማግስቱ ጠዋት ግን ደረጃ መውረድ እስኪያቅተው ይመለስበታል። ያ ልጅ አንድ ሙሉ የውድድር ዘመን አጣ። ያኔ የዝላዩን ብዛት ቆጥሬ ቢሆን ኖሮ ባላመለጠው ነበር፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ፦

- 30 ሴንቲ ሜትር ከሚሆን ሳጥን ላይ ወርዳችሁ በሁለት እግር፣ ያለ ድምፅ፣ ጉልበታችሁን አጠፍ አድርጋችሁ አርፉና ለሦስት ሰከንድ ቁሙ። ጉልበት ወደ ውስጥ መግባት የለበትም፤ በእግር ጣቶች አቅጣጫ ይሁን። 8 ጊዜ፣ ሦስት ዙር።
- በልምምድ የዘለላችሁትን ቁጠሩና በደብተር ጻፉ። በኃይል የተዘለለባቸውን ሁለት ቀናት በ48 ሰዓት ያህል አራርቁ።
- ብዛቱን ከሳምንት ወደ ሳምንት በጥቂቱ ብቻ ጨምሩ። ከዕረፍት የተመለሰ ሰው ካቆመበት ቁጥር አይጀምርም።
- በማግስቱ ጠዋት የሚመለስ ሕመም ካለ ለአሰልጣኝ ተናገሩ፤ ከቀጠለ የሕክምና ባለሙያ ይየው።

በመረብ ኳስ በብዛት የሚያጋጥመው ድንገተኛ ጉዳት የቁርጭምጭሚት መታጠፍ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው ከብሎክ ወይም ከጥቃት ሲወርዱ በመረቡ ሥር የሌላ ሰው እግር ላይ በማረፍ ነው። ወደ ፊት እየተንሳፈፉ መዝለልን ትታችሁ ወደ ላይ ዝለሉ። አንድ ጊዜ የታጠፈ ቁርጭምጭሚት እንደገና የመታጠፍ ዕድሉ ሰፊ ነውና ሙሉ በሙሉ ሳይድን አትመለሱ፤ በአንድ እግር ቆሞ ሚዛን መጠበቅን በየቀኑ ሥሩ።

መውደቅም ይማሩታል። መረብ ኳስ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ በገባበት እ.ኤ.አ. በ1964 በቶኪዮ ወርቅ የወሰዱት የጃፓን ሴቶች፣ በአሰልጣኛቸው ሂሮቡሚ ዳይማትሱ ሥር፣ ኳስ ለማዳን ወድቀው በትከሻቸው ተንከባልለው ወዲያው በመነሣት ይታወቁ ነበር። አሰልጣኙ ተጫዋቾቹን እስከ እኩለ ሌሊት በማሠራትም ይታወቃል። ከእሱ መንከባለሉን ውሰዱ፤ ሰዓቱን ተዉት።

ደረጃ 5፦ ጥንካሬ

በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃል። በክብደት መቀመጥና መነሣት፣ ክብደት ከመሬት ማንሣት፣ ወደ ፊት ተራምዶ ዝቅ ማለት፣ መግፋትና መሳብ፣ በእግር ጣት ቆሞ ተረከዝን ማንሣት። ወጣት የሆነ ሰው በመጀመሪያ በራሱ የሰውነት ክብደት ቅርጹን ያስተካክል፤ ብረት የሚጨመረው ባለሙያ እያየ ነው።

ትከሻ ግን የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። መምታት የፊተኛውን ክፍል ብቻ ያጠነክራል፤ እጁን የሚያቆሙት የኋለኞቹ ትናንሽ ጡንቻዎች ይዘነጋሉ። የመለጠጫ ጎማ ከአንድ ነገር ጋር አስራችሁ፣ ክርናችሁን ከጎናችሁ አጣብቃችሁ፣ እጃችሁን ወደ ውጭ ክፈቱ፤ ቀስ ብላችሁ መልሱ። 15 ጊዜ፣ ሦስት ዙር፣ በሳምንት ሦስት ቀን። አሰልቺ ነው። ትከሻቸው ለረጅም ዓመታት ያገለገላቸው ተጫዋቾቼ ሁሉ ሳይታክቱ የሠሩት ነው።

ደረጃ 6፦ ልጋታችሁን የራሳችሁ አድርጉ

ከጨዋታው ክህሎቶች ሁሉ ማንም ሳይነካባችሁ፣ ማንም ሳያቀብላችሁ የምትጀምሩት ልጋት ብቻ ነው። ዳኛው ፊሽካ ከነፋ በኋላ 8 ሰከንድ አላችሁ። ብዙ ወጣቶች በሁለተኛው ሰከንድ ላይ ለግተው ይጨርሳሉ፤ ከፍርሃት ለመገላገል ይመስላል። ስምንቱንም ተጠቀሙበት። ኳሱን የምታነጥሩበት ቁጥር ሁልጊዜ አንድ ይሁን፤ አንድ ጊዜ በረጅሙ ተንፍሱ፤ የምትልኩበትን ቦታ እዩ፤ ከዚያ ለጉ።

መጀመሪያ የሚንሳፈፈውን ልጋት አጥብቃችሁ ያዙ። ሽክርክሪት የሌለው ኳስ አየሩ በዙሪያው እኩል ስለማያልፍ አቅጣጫውን በድንገት ይለውጣል፤ ተቀባዩ የያዘው ቦታ ይፈርስበታል። ምስጢሩ ያለው ውርወራው ላይ ነው፦ ኳሱ ዝቅ ብሎ፣ ሳይሽከረከር፣ ከምትመቱበት ትከሻ ፊት ይውጣ። በመዳፋችሁ ጠንካራ ክፍል መሐሉን ምቱና እጃችሁን እዚያው አቁሙ። ውርወራውን ብቻ ለይታችሁ ተለማመዱ፤ ሳትመቱት ይውደቅ፤ በየጊዜው አንድ ቦታ ላይ ከወደቀ ዝግጁ ናችሁ።

ዒላማው ብዙ ጊዜ ሰው አይደለም፤ በሁለት ተቀባዮች መካከል ያለው ክፍተት ነው። «አንተ ያዘው» «አንቺ ያዢው» የሚባባሉበት ቦታ። ከልምምድ መጨረሻ ላይ፣ እግር ሲዝልና ትንፋሽ ሲቆራረጥ፣ በተከታታይ 10 ልጋት በተናገራችሁበት ክፍል ሳታሳርፉ አትውጡ። ዘጠነኛው ላይ ብትስቱ ከአንድ ትጀምራላችሁ፤ የወሳኙን የአምስተኛ ዙር 14 ለ14 ስሜት በልምምድ ላይ የሚያመጣው ይህ ብቻ ነው።

ደረጃ 7፦ እንቅልፍና ምግብ

ከ14 እስከ 17 ዓመት ያለ ወጣት በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለበት። ትርፍ ሰዓት ልምምድ የሚጠይቁኝን ልጆች በመጀመሪያ የምጠይቃቸው ስንት ሰዓት እንደሚተኙ ነው፤ መልሱ ስድስት ከሆነ ትርፍ ልምምዳቸው አልጋ ላይ ነው። ከልምምድ በፊትና በኋላ ተመዘኑ፤ ከክብደታችሁ 2 በመቶ በላይ ከቀነሰ በቂ ውኃ አልጠጣችሁም። ከከባድ ልምምድ በኋላ ሳትዘገዩ ኃይል የሚሰጥና ገንቢ ምግብ ብሉ።

ለሴት ተጫዋቾችና ለአሰልጣኞቻቸው በግልጽ ልንገራችሁ። የወር አበባ መቅረት «ጠንክሬ ስለምሠራ ነው» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚበላው ምግብ ለሚሠራው ሥራ እንዳልበቃ ምልክት ነው፤ ውሎ አድሮም አጥንትን ያሳሳል። ሐኪም ያማክሩ። ክብደት ቀንሺ እያለ ልጅን የሚያስርብ አሰልጣኝ ካጋጠማችሁ ምክሩን አትቀበሉት።

ደረጃ 8፦ በነጥብና በነጥብ መካከል ያለውን ጊዜ ተጠቀሙበት

አንድ ነጥብ ካለቀ በኋላ ቀጣዩ እስኪለጋ ጥቂት ሰከንዶች አሉ። ያልሠለጠነ ተጫዋች እነዚህን ሰከንዶች ለጸጸት ያውላቸዋል። እናንተ ሦስት ነገር አድርጉባቸው። መጀመሪያ ጀርባችሁን ለመረቡ ሰጥታችሁ አንድ ጊዜ በረጅሙ ተንፍሱ። ቀጥሎ ከአጠገባችሁ ላለው ሰው አንድ አጭርና ጠቃሚ ነገር ንገሩ፦ «መስመሩን እኔ እይዛለሁ» ዓይነት። በመጨረሻ ዞራችሁ ተጋጣሚን ቁጠሩ፤ ከፊት ስንት አጥቂ አለ? ሴተራቸው ከፊት ነው ከኋላ? ይህን ሦስት ነገር የሚያደርግ ሰው ስህተቱን ለማሰላሰል ጊዜ አይተርፈውም።

ተጫዋች ለመምረጥ ስቀመጥ የኳስ ምት ከማየት ይልቅ ሌላ ቦታ አያለሁ። ተቀይሮ የወጣ ተጫዋች ወንበር ላይ ምን ያደርጋል? ኳሱ ሌላ ሰው ጋ ሲሄድ እግሩ ይንቀሳቀሳል? ሲታረም ዓይኑን ይሰብራል ወይስ በሚቀጥለው ኳስ ይሞክረዋል? ከእነዚህ አንዱም ረጅም ቁመት አይጠይቅም።

ስለ ቁመት ከተነሣ፣ በመረብ ኳስ ዋጋ የለውም ብዬ አላታልላችሁም። ነገር ግን ሚና መምረጥ ይቻላል። ሊቤሮ በዓለም አቀፍ ደረጃ ከገባበት እ.ኤ.አ. ከ1998 ወዲህ እግርና ዓይን ላለው ሰው ሰፊ በር ተከፍቷል። ብራዚላዊው ሊቤሮ ሰርጂኞ በ2004 እና በ2016 ወርቅ ሲያገኝ፣ በ2016ቱ ኦሊምፒክ በ40 ዓመቱ የውድድሩ ኮከብ ተጫዋች ተብሎ ተመርጧል። ያውም ኳሱን ከመረቡ ጫፍ በላይ ሆኖ መምታት በማይፈቀድለት ሚና። በሌላ በኩል ገና በ13 ዓመታችሁ «አንተ ሊቤሮ ነህ» የሚላችሁ ካለ አትቸኩሉ፤ እስከ 16 ዓመት ድረስ ሁሉንም ሚና ተማሩ። ሰው ያድጋል።

ደረጃ 9፦ ሳምንቱን አደራጁ

ቅዳሜ ግጥሚያ ያለው ተጫዋች ሳምንት ለምሳሌ እንዲህ ሊሆን ይችላል። እሑድ ሙሉ ዕረፍት። ሰኞ ጥንካሬ፣ ከዚያ ዝላይ የሌለበት የእግርና የአቀባበል ልምምድ። ማክሰኞ ዋናው የዝላይ ቀን፦ ጥቃት፣ ብሎክ፣ ስድስት ለስድስት ጨዋታ። ረቡዕ ተንቀሳቃሽ ምስል ማየትና ልጋት ብቻ፣ ከአንድ ሰዓት ያልበለጠ። ሐሙስ ሁለተኛው የዝላይ ቀን፣ ከማክሰኞው አጠር ብሎ፤ ቀለል ያለውን የጥንካሬ ሥራም እዚያው ጨርሱት። ዓርብ አጭርና ቀላል፦ አቀባበል፣ ልጋት፣ በጊዜ መተኛት። የሚፈተንበት ሳምንት ያለው ተማሪ ረቡዕን ይተወው፤ ትምህርት የተበላሸበት ልጅ ሜዳ ላይም ልቡ አይሰበሰብም።

ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላ ጫማችሁን ሳትፈቱ ሦስት መስመር ጻፉ፦ ስንት ጊዜ ዘለልኩ፣ ዛሬ ምን ገባኝ፣ ነገ በመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ምን እሞክራለሁ። ሦስተኛዋን መስመር ወደ ሜዳ ከመግባታችሁ በፊት አንብቧት። ስድስት ሳምንት ሲሞላ 20 ኳስ የሚለጋላችሁን ያንኑ ጓደኛችሁን ጥሩ፤ በዚያው ቦታ ቁሙ፤ ውጤቱን ከመጀመሪያው ቁጥር ጎን ጻፉ። ቁጥሩ ካልጨመረ ሌላ ጓደኛ ከሜዳው ዳር መሬት ላይ ተቀምጦ ጫማችሁን ብቻ ይይላችሁ።